ሥጋ ሥጋ ነው የተባለበት ረቡዕ

አምቦ ሊመጣ ያሰበ ሰው "የት ብበላ ይሻላል?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኔ መልሼ የምጠይቀው ምን እንደሚበላ አይደለም። ምን እንደማይበላ ነው። የሚበላውን ማንም ይናገራል። የማይበላውን ግን የአገሬ ሰው አፉን ቢፈለቅቁት አይናገርም። "ሁሉን እበላለሁ፣ ለእኔ አትቸገሩ" ብሎ ይቀመጥና ትሪው ሲቀርብ ቁርሱን አርፍዶ እንደበላ ትዝ ይለዋል። ይህን የተማርኩት በደርግ ዘመን፣ አንድ ረቡዕ፣ አራት እንግዶች ይዤ ምግብ በሞላበት አገር ጦም ውዬ ነው።

ያኔ አምቦ ላይ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ሚስቴ ደብረ ብርሃን ታስተምራለች። ሴት ልጃችን የተወለደችው እኔ አምቦ ከተመደብኩ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀራት ድረስ ያየኋት አራት ጊዜ ብቻ ነበር። በአራተኛው ጊዜ "ሰውዬው መጣ" ብላ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እኔም እንደ እንግዳ ከበር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ማስተማር ሳይሆን ዝውውር መጠየቅ ሆነ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መልስ የለም። ደግሜ እጽፋለሁ፣ የመጀመሪያው አልደረሰንም ይሉኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በዚህ መሀል ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝ። የመሠረተ ትምህርቱን ሥራ የሚገመግም ቡድን ከአዲስ አበባ ሊመጣ መሆኑን ነገረኝና የቡድኑ መሪ ዝውውር ከሚፈርሙት ሰዎች አንዱ እንደሆነ ጨመረልኝ። የአቀባበል ኮሚቴ ውስጥ፣ የምግብ ኃላፊ አድርጎ መድቦኝ ነበር። "ሰውዬው በልቶ ደስ ካለው ይፈርማል። ሆዱ ከጎደለ ብዕሩም ይደርቃል" አለኝ። ልጄ "ሰውዬው" ከማለት "አባዬ" ወደ ማለት የምትሸጋገርበት መንገድ በአንድ ካድሬ ጨጓራ በኩል የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ።

ሥራውን በቁም ነገር ያዝኩት። አምቦ ትንሽ ትሁን እንጂ የሚበላባት ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ ከጎጃም ተመድቦ መጥቷል፣ አንዱ ከትግራይ፣ አንዷ ከሐረር። ነጋዴው ጉራጌ ነው፣ ገበያተኛው ኦሮሞ፣ ከመናኸሪያው በታች ፉልና ዳቦ የሚሸጡት ሽማግሌ የመን የተወለዱ ናቸው። አንዱ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ሌላው በእስላም እጅ ያልታረደ አይቀምስም፣ ሦስተኛው ሁሉን ይበላና ጠላ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እኔም ለእንግዶቹ የምትሰጥ አንዲት ገጽ ጻፍኩ። ለጾመኛ ከገበያው ኋላ ያለው ሽሮ ቤት፣ የክርስቲያን ሥጋ ለሚሻ ባለ መስቀሉ ልኳንዳ፣ ለእስላም ባለ ጨረቃው ልኳንዳ፣ እያልኩ በዝርዝር አስቀመጥኩት። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ያች ገጽ ትበልጥ ነበር።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር የከተማው ካድሬ ነበር። ገጿን አንብቦ እስክሪብቶውን አወጣና መሰረዝ ጀመረ። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ የሚባል ነገር ጨቋኞች ሕዝቡን ለመከፋፈል ያመጡት ነው አለ። "ሥጋ ሥጋ ነው" ሲል ደመደመ። ጾመኛ የሚለውንም ሰረዘ። እንዲያውም እንግዶቹ ረቡዕ ምሳ ሥጋ እንዲበሉ የተወሰነው በእሱ ሐሳብ ነው። ከተማዋ ከኋላ ቀር ልማድ መላቀቋን እንዲያዩ ፈልጎ ነበር። ሽሮ ቤቱን ያወጣው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ሽሮ ማቅረብ ያዋርደናል አለ። በዚህ ብቻ የኮሚቴው አባላት ከነበሩት ከቄሱም፣ ከሼኩም፣ ለጾመኛ ብዬ እንጂ ወድጄ ካልጻፍኩት ከእኔም ጋር ተስማማ። ተሰርዞ ተሰርዞ ከገጿ የተረፈው "በከተማው ሁሉ ይበላል" የሚል አንድ መስመር ነበር። እሱው በስቴንስል ተባዛ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በማግሥቱ ሊቀ መንበሩ ቀለም ቀቢ ይዞ ወጣና የባለ መስቀሉን ልኳንዳ መስቀል፣ የባለ ጨረቃውን ጨረቃ አስጠፍቶ በሁለቱም በር ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ኮከብ አስሳለ። የከተማው ሰው የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቀው በቤቱ እንጂ በምልክቱ አልነበረምና ግድ አልሰጠውም። እንግዳ ግን ከሁለት ኮከብ የቱን ይመርጣል?

ረቡዕ ረፋድ ላይ እንግዶቹ በላንድሮቨር ደረሱ። የቡድኑ መሪ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከእሱ ጋር ከጎጃም የመጡ አንድ ሽማግሌ አስተማሪ፣ የሐረር ተወላጅ የሆነች ሴት ባለሙያ፣ ከወለጋ የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያና ሹፌራቸው ነበሩ። ምን እንደሚስማማቸው ጠየቅኳቸው። አራቱም በአንድ ድምፅ ሁሉ ይስማማናል አሉ። መቼም መሪያቸው አጠገባቸው ቆሞ የጾምና የእስላም ሥጋ ነገር ማን ያነሳል።

ምሳ የተሰናዳው ሆቴል ውስጥ ነው። ትሪው ሲመጣ የጥብሱ ሽታ እኔን ራሴን አዞረኝ፤ ጋባዥ ከእንግዳ ቀድሞ አይበላምና ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር። ሊቀ መንበሩ ተነሥቶ "ብሉ" አለና ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ብቻ። መለማመጥ የፊውዳል ጠባይ ነው የሚል እምነት ነበረው። በእኛ ዘንድ ደግሞ የመጀመሪያው እምቢታ ጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው ልማድ ነው፣ እውነቱ የሚነገረው በሦስተኛው ነው። አንዴ ብቻ የተጠየቀ ሰው ጨዋነቱን ይዞ ይቀራል።

የሐረሯ ባለሙያ ወደ እኔ ዘንበል ብላ ሥጋው ከየትኛው ልኳንዳ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና የሆቴሉን ባለቤት ጠየቅኩት። ሰውየው በኩራት መለሰልኝ።

"እንዳላዳላ ብዬ ከሁለቱም እኩል ገዛሁ። አብሮ ተከትፎ አብሮ ተጠብሷል። አሁን የቱ የማን እንደሆነ እኔም አልለየውም።"

የክርስቲያኑ ሥጋ ለእስላሟ አይሆንም፣ የእስላሙ ለክርስቲያኑ አይሆንም። ሁለቱ ከተደባለቁ ደግሞ ለማንም አይሆኑም። ሰውየው ሁሉን ለማስደሰት ብሎ በአገሩ አንድም ሰው የማይበላው ጥብስ ሠርቶ ቁጭ አለ። ተመልሼ ለባለሙያዋ በዓይኔ ነገርኳት። እሷም ቁርስ አርፍዳ መብላቷን ለገበታው አስታወቀች። የጎጃሙ ሽማግሌ ጥርሳቸውን አመማቸው። የወለጋው ወጣት ሃይማኖቱ ከየትኛውም ሥጋ አይከለክለውም፣ ዓይኑም ከትሪው አልተነሳም፤ ግን ታላላቆቹ ሳይጀምሩ እጁን መስደድ ነውር ሆነበት። መሪው እንጀራ ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ። በመጨረሻ "ጨጓራዬን ትንሽ ይሰማኛል" አለና አምቦ ውሃ አዘዘ።

ሌሎቹም መሪውን ተከትለው አምቦ ውሃ አዘዙ። በባዶ ሆድ የተጠጣ አምቦ ውሃ የሚያደርገውን የጠጣ ያውቀዋል። ከመሪው ጀምሮ በየተራ አገሱ። ሊቀ መንበሩ ግሳቱን ሰምቶ ፊቱ በራ፤ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ እንግዶቹ በሚገባ ጠግበው መነሳታቸውን ጻፈ። ትሪው ወጥ ቤት ሲመለስ ሹፌሩ ብቻውን አጸዳው። ሥጋ ሥጋ ነው የሚለውን መመሪያ ከቃል ወደ ተግባር የለወጠው ያ ሰው ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጌዶ አጠገብ ያለ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ልናይ ሄድን። በመንገድ መኪናው በቆመ ቁጥር አንዱ ለብቻ ይወስደኛል። መጀመሪያ ሽማግሌው፣ ለጥርሳቸው የሚለሰልስ፣ ቅባት የሌለበት ነገር የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ። ከገበያው ኋላ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አልኳቸው። ቀጥላ ባለሙያዋ ሥጋ የማይገባበት ቤት እንዳለ ጠየቀችኝ። ሰማያዊውን በር ነገርኳት። ወጣቱማ ምንም ይሁን፣ ብቻ ሽማግሌ የሌለበት ቤት አሳየኝ አለ። ለእሱም ሰማያዊ በር። ስለ ሌሎቹ ለማናቸውም አልተነፈስኩም፤ የሰው ምስጢር ነው።

በመጨረሻ መሪው ራሱ ክንዴን ይዞ ከመኪናው ራቅ አደረገኝ። ዝውውሬን ሊያነሳልኝ መሰለኝ።

"ሹፌሬ ጾመኛ ነው። የጾም የሚያገኝበት ቤት ይኖራል?" አለኝ።

ሹፌሩ በዚያ ሰዓት የመኪናውን መሪ ደገፍ ብሎ የቀትሩን ጥብስ ከጥርሱ ውስጥ በስንጥር እያወጣ ነበር። እኔም ምንም እንዳላየሁ ሆኜ ለሹፌሩ ብዬ ሰማያዊውን በር ለመሪው ነገርኩት።

ጣቢያው ስንደርስ ገበሬዎቹ በግ አርደው ጠበቁን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ሁሉም ኦቦ እያለ የሚጠራው ጎምቱ ሰው፣ እንደ ከተማው ካድሬ አንዴ ጠይቆ የሚተው አልነበረም። በኦሮምኛ ለመነ፣ በአማርኛ ለመነ፣ አፈር ስሆን አለ፣ ልጆቼን ይንሳኝ ብሎ ማለ። እንግዶቹ ግን አሁን አንድ ጠንካራ መከላከያ አግኝተው ነበር፤ አምቦ ላይ ጠግበን ነው የመጣን አሉ። የእኛው ሊቀ መንበርም ደብተሩን ከፍቶ መሰከረላቸው። ኦቦ እንባ ሊቀድመው ሲል መሪው አንድ ጉማጅ ሥጋ ከእጁ ተቀበለና ፊቱን ወደ ጥቁር ሰሌዳው መልሶ አመስግኖ አኘከ። እኔ ከጎኑ ነበርኩና የሥጋውን መጨረሻ አየሁት። የካኪ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው የገባው። ጣቢያውን ስንጎበኝ የመንደሩ ውሾች ሁሉ ከቡድኑ መሪ ኋላ ተሰልፈው ጎበኙ። ገበሬዎቹ ውሻ የሚወደው ሰው ልቡ ንጹሕ ነው እያሉ አደነቁት።

ወደ አምቦ የተመለስነው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሁሉም እግሩን ሊያፍታታ እንደሚፈልግ ተናግሮ በየፊናው ተበተነ። እኔም አንጀቴ ተጣብቆ ዓይኔ ሲዋልል፣ ሌሎቹንም ወደዚያው መላኬን ረስቼ፣ በጓሮ መንገድ ወደ ሰማያዊው በር ገሰገስኩ።

የቤቱ ባለቤት አንዲት ባልቴት ናቸው። ከተማው ሁሉ አዴ ይላቸዋል። አንድ ክፍል አላቸው፤ ያችኑ በአቡጀዲ መጋረጃ ለሁለት ከፍለዋታል። አጎንብሼ ስገባ ሽማግሌው ከደጃፉ አጠገብ አግዳሚ ላይ ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠዋል። ባለሙያዋ ከሌላው ጥግ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባለች። ወጣቱ ከምሰሶው ኋላ ሊሸሸግ ሞክሮ ግማሹ ወጥቷል። ሦስቱ ቀኑን ሙሉ አንድ መኪና ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጋጭተው ውለው አሁን አይተዋወቁም። እኔም አላወቅኋቸውም፤ ባዶ ቦታ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

አዴ ሰፊ ትሪ ይዘው ከጓዳ ወጡና ዞር ብለው አዩን።

"አካም ኦልታን? እንዴት ዋላችሁ? ሽሮዬ እያለቀ ነው። የቀረው አንድ ትሪ ነው፣ ለየብቻ አልበትነውም። ኮታ ኛዻ፣ አንድ ላይ ቅረቡና ብሉ። እዚያ ያለውም ሰውዬ ይምጣ" አሉና ሌላ እጃቸውን ሰደው መጋረጃውን ሳቡት።

ከመጋረጃው ኋላ መሪው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ገና ያልመጣ ምግብ ላይ አማትቦ ሊጨርስ ጣቱ ግራ ትከሻው ላይ ደርሷል። ዓይኑን ሲገልጥ አራት ሰው አፍጥጦበታል። እኔ በዚያች ቅጽበት የታየኝ የልጄ ፊት ነው። የካድሬን ምስጢር ያየ አስተማሪ ዝውውሩ ወዴት እንደሚሆን መገመት አያቅተኝም፤ ደብረ ብርሃን ግን አይደለም።

"ጨጓራዬ ነው" አለ መሪው ቀስ ብሎ።

"የእኔም ጨጓራ ነው" አለች ባለሙያዋ።

ሽማግሌው ወደ ምድር እያዩ እሳቸውም ጨጓራቸው መሆኑን ተናገሩ። በቀትር ጥርሴ ማለታቸውን ማንም አላስታወሳቸውም። አዴ ግን ትሪው እጃቸውን ከብዷቸው ነበርና የማንንም ጨጓራ አልጠበቁም፣ "ማሎ፣ እባካችሁ፣ ይቀዘቅዛል" ብለው መሀል ላይ አስቀመጡት። ተጠጋጋን። ያን ቀን ሁሉ እኛ መሪውን ስንፈራ እሱ ደግሞ እኛን ሲፈራ መዋሉ ያኔ ገባኝ። ሽሮው የማንም እጅ አላረደውም፣ ጾም አይሽርም፣ መመሪያም አይጥስም። ወደዚያ ትሪ ያልተዘረጋ እጅ አልነበረም። መሪው ለሐረሯ ባለሙያ ትልቅ ጉርሻ አጎረሳት፣ እሷም ሳትግደረደር ዋጠች። ደስ አለኝ። ሆዴም ልቤም አብረው ሞሉ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ዓይነት የበላሁ አይመስለኝም።

ስንወጣ መሪው ችግሬን ጠየቀኝ። ሚስቴና ልጄ ከእኔ ጋር እንዳልሆኑ፣ አብረን መሆን እንደምንፈልግ ነገርኩት። ሊጨርስልኝ ቃል ገባልኝ። ያየሁትን እንዳላየሁ እንድምልለት አልጠየቀኝም፣ እኔም አልማልኩለትም።

እንደ ተባለውም ደብዳቤው መጣ። ሲከፈት ግን የተዛወርኩት እኔ አልነበርኩም። "መምህሩ ለእንግዳ አቀባበል ያለው ዕውቀት ለአካባቢው አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ" ባለቤቴ ወደ አምቦ እንድትዛወር ተፈቅዷል ይላል። ከታች "ባል ተስማምቷል" የሚል የፊርማ ቦታ ነበረው። የሚስት የሚል አልነበረውም። እሷ ደብረ ብርሃን እናቷ አሉ፣ ተማሪዎቿ አሉ፣ በዓመት ልፋት ያቆመችው ቤት አለ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያዝኩና ፈረምኩ። ደስታዬ ችኩል ነበር፤ ልጄ ልትመጣ ነው፣ ሌላው አይታየኝም።

መናኸሪያ ቆሜ ተቀበልኳቸው። ሚስቴ አንድ ሻንጣና የታሰረ ፍራሽ ይዛ ልጃችንን አዝላ ወረደች። ጉንጯን ስስማት ፊቷን አላዞረችም፣ አላቀረበችም። ርቧት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"በልቼ ነው የመጣሁት" አለችኝ።

ያን ቃል አውቀዋለሁ። አራት እንግዳ በአንድ ቀን ብሎኛል። ሚስቴ ግን ብላኝ አታውቅም ነበር፤ ለባዕድ የሚባል ነገር ነው። ልጃችን ከጀርባዋ አንገቷን አስግጋ "አልበላንም" አለች፤ ይሉኝታ ገና አልደረሰባትም። ወደ ሰማያዊው በር ወሰድኳቸው።

አዴ ትሪውን አስቀምጠው ልጅቷን ከእናቷ ተቀብለው በእጃቸው ያጎርሷት ጀመር። ሚስቴ ጫፍ ጫፉን ትቆርሳለች። በእሷ ፊት ስቀመጥ ያ ፊርማ ከበደኝ። ሰውን ሁሉ ምን እንደማይበላ ስጠይቅ የኖርኩ የምግብ ኃላፊ፣ እሷን ትመጫለሽ ወይ ብዬ አንድ ቃል አልጠየቅኳትም። አሁን ጠየቅኳት።

"መመለስ ትፈልጊ ይሆን?"

"ግድ የለም፣ መጣሁ አይደል" አለችኝ።

ደገምኩላት። ግድ የለም አልኩህ አለችኝ፣ ብላ አለችኝ። እዚያ ላይ መተው ይቻል ነበር። ሆዴም ተወው አለኝ፤ ልጄ ሽሮ በፊቷ ተቀብታ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። ግን የአገሬን ልማድ አውቃለሁና ሦስተኛ ጠየቅኳት።

የቆረሰችውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰችው። "አዎ። እመለሳለሁ" አለችኝ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

አዴ ሰሙ መሰለኝ፣ ሽሮ ጨመሩልን። ሰኞ ማለዳ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ የእሷን ለመመለስ፣ የእኔን ለመከተል። የእሷ በሁለት ወር ተፈቀደ። የእኔ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ በየመሀሉ እንግዳ ይመጣ ነበርና ማን ያብላው ይሉኛል። ያን ቀን ግን ከትሪው አልተነሳንም። ሚስቴ እንጀራውን መልሳ አነሳችና ጠቀለለችልኝ፣ እኔም ሳልግደረደር አፌን ከፈትኩ።